የጠቆረው ግድግዳ

ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ70 ከፈረሰች በኋላ የአይሁድ ሊቃውንት በያብኔ ተሰባሰቡ። አለቃቸው ራባን ገማልያል ረቢ ኢያሱን በጉባኤ ፊት ደጋግሞ ስላዋረደው ከሹመቱ ተሻረ፤ ይቅርታ ሊጠይቅም ወደ ረቢ ኢያሱ ቤት ሄደ። ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል። ያ ታላቅ ሊቅ በከሰልና በእሳት ሥራ እንደሚተዳደር ገማልያል የተረዳው ያን ዕለት ነው። ረቢ ኢያሱም የሚመራቸው ሰዎች በምን እንደሚያድሩ አለማወቁን በብርቱ ወቀሰው፤ ይቅርታውን የተቀበለውም ከብዙ ልመና በኋላ ነበር።

የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርትና ክርክር የተሰበሰበበት ታልሙድ ይህን ታሪክ ጠብቆ ማቆየቱ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ በተጠናቀረው ሚሽና በተባለው የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ቤን ዞማ የተባለው ሊቅ እውነተኛ ባለጸጋነትን በድርሻ ከመደሰት ጋር ያያይዘዋል። ይህ ትምህርት ከጥጋበኛ አፍ ሲወጣ ድኻውን ዝም የማሰኛ ምክር ይሆናል። ያው ሚሽና ግን ባለ እርሻው ከአዝመራው ቢያንስ ከ60 አንድ እጅ በማሳው ጥግ ለድኾች እንዲተው ያዛል። ስለዚህ «ይበቃኛል» ማለት አስቀድሞ የሚጠበቀው ካለው ሰው ነው።

ካለው ሰው ይህን መጠበቅ ግን ቀላል አልነበረም። ኦሪት በየ7ኛው ዓመት ዕዳ እንዲተው ስለምታዝ ዓመቱ ሲቃረብ አበዳሪዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። ሂሌል የተባለው ሊቅ ዕዳውን ለዳኞች በጽሑፍ የሚያስተላልፍ «ፕሮዝቡል» የተባለ ውል ደነገገ፤ በዚህ መንገድ የተላለፈ ዕዳ በ7ኛው ዓመት አይሰረዝም። ድኻው ብድር አገኘ፤ የዕዳ ምሕረቱ ግን ቀረበት። እኔ ሂሌልን አልፈርድበትም፤ የተራበ ሰው 7ኛውን ዓመት ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም።

ከብዙ ዘመን በኋላ በግብፅ የኖረው ሙሴ ማይሞኒደስ ነጋዴ ወንድሙ ዳዊት ከቤተሰቡ ገንዘብ ጋር በሕንድ ውቅያኖስ ሰጥሞበታል። በሕክምና ሙያው ያደረው ይህ ሊቅ ምጽዋትን በ8 ደረጃ ሲከፍል፣ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ችግረኛውን በብድር፣ በሽርክና ወይም በሥራ ራሱን እንዲችል ማድረግን ነው።

ታልሙድ ያልደረሳቸው የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል፣ ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ በጎንደር ዙሪያ ኖሩ። ርስት ተነፍገው ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸመኑ። የረቢ ኢያሱ ዓይነት ጥላሸት በእነሱም ቤት ነበር። ጎረቤታቸው ገበሬ ማረሻውን ከእጃቸው ይቀበል ነበር፤ መልሶ ደግሞ ቡዳ እያለ ይሸሻቸው ነበር።