የጃፓን ስጎ በወለጋ ማር

በቅቤና በበርበሬ የታሸ ጨጨብሳ ላይ ማር እየተደረገለት ያደገ የወለጋ ልጅ፣ ጣፋጭና ጨዋማ በአንድ ገበታ ሲገናኙ አይደንቀውም። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ጃፓኖች ቴሪያኪ የሚሉትን ስጎ ቤት ውስጥ መሥራት እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ ምላሳችን ጣዕሙን ለመቀበል አይቸገርም።

የስጎው መሠረት ከአኩሪ አተር የሚጠመቀው ሶያ ሶስ ነው። እህልን በጨው አብላልቶ ማጣፈጫ ማድረግ በቻይና ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጥበብ ነው። ጃፓኖች ጥበቡን ወርሰው የራሳቸው አደረጉት። በኢዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868) ኖዳና ቾሺ የተባሉ ከተሞች በውኃ መንገድ ለኢዶ (ለዛሬዋ ቶኪዮ) ሶያ ሶስ ያቀርቡ ነበር። የኖዳ ጠማቂ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1917 ተዋሕደው ዛሬ ኪኮማን የምንለውን ኩባንያ መሠረቱ። ቴሪያኪ ሶያ ሶስን ሚሪን ከሚባል ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ጋር አዋሕዶ የሚጠበስ ዓሣ ላይ መቀባት ነው። ሃዋይ የሰፈሩ ጃፓናውያን ደግሞ ቡናማ ስኳርና የአናናስ ጭማቂ ጨመሩበት። እ.ኤ.አ. በ1976 ቶሺ ካሳሃራ ሲያትል ላይ የቴሪያኪ ምግብ ቤት ከፈተ፤ ስጎው የከተማዋ መታወቂያ ሆነ። በየደረሰበት ሶያው ባለበት ቆየ፤ ጣፋጩን ግን የደረሰበት አገር ሰጠው። በእኔ እምነት ወለጋ የምትሰጠው ማር ነው፤ ስኳር መጨመር ማርን መናቅ ይሆናል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘ መጽሐፍ ጻፉ። የዚያ ትውልድ ምሁራን ከጃፓን የተመኙት ሥልጣኔዋን እንጂ ማዕዷን አልነበረም። አኩሪ አተር ራሱ ወደ አገራችን የገባው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ዛሬ በምዕራብ ኢትዮጵያ በስፋት ይመረታል፤ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለው የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከልም ይመራመርበታል። ሶያ ሶስ ለመጥመቅ ግን አኩሪ አተርና ስንዴ ላይ ኮጂ የተባለውን ሻጋታ አብቅሎ፣ በጨው ውኃ ለወራት ማቆየት ይጠይቃል። ስለዚህ ጠርሙሱ ከሱቅ ይገዛል፤ የቀረው ሁሉ ከጓዳ ነው።

ማሩ ከነሰፈፉ ከሆነ አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ላይ አቅልጦ ማጥለል ነው፤ ሰፈፉ ስጎውን ያደፈርሰዋል። ግማሽ ብርጭቆ ሶያ ሶስ፣ ሩብ ብርጭቆ ማርና ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ድስት ውስጥ ይቀላቀላሉ። በውኃው ፈንታ ጌሾ ያልገባበት ብርዝ ቢሆን ይበልጥ ይጥማል፤ ጠጅ ግን ጌሾው ይመርራል። ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ተደቁሰው ይገባሉ። ጨው አይጨመርም። እሳቱ ለስለስ ማለት አለበት፤ ማር ካረረ ይመርራል። መጀመሪያ ቀጭን አረፋ ይነሣል፤ ቆይቶ አረፋው ይወፍርና እየከበደ ይፈነዳል። ያኔ በማንኪያ ጀርባ ላይ በጣት መስመር ቢሰመርበት መስመሩ ካልተገናኘ ደርሷል። ሲቀዘቅዝ የበለጠ ስለሚወፍር ቀደም ብሎ ማውረድ ይበጃል።

አብዛኛው ሰው ዶሮ ላይ ያፈስሰዋል። እኔ የምመርጠው አንጮቴን ነው፤ ለመስቀል እንደሚደረገው ከነልጣጩ ተቀቅሎ ይላጣል፣ ተቆርጦ በጥቂት ዘይት ይጠበሳል፣ ስጎው ትኩስ እንዳለ ይፈስስበታል። ቅቤ ስለሌለበት በጾምም ይበላል።