ማዕረግ የነበራቸው ዛፎች

በ8ኛው መቶ ዘመን አየርላንድ ውስጥ የጎረቤቱን ዛፍ የቆረጠ ሰው ካሳውን የሚከፍለው በከብት ነበር። የካሳው መጠን ደግሞ በዛፉ ማዕረግ ይወሰናል። ስሙን «የጉርብትና ፍርድ» ልንለው የምንችለው የዘመኑ የሕግ መጽሐፍ፣ 28 ዛፎችንና ቁጥቋጦዎችን ሰባት ሰባት አድርጎ በአራት ደረጃ መድቧቸዋል። የበላዮቹ «አይሪግ ፌዶ»፣ የጫካው መኳንንት ይባላሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ «አይቲግ ፌዶ»፣ የጫካው ገባሮች አሉ። እንጆሪና የአስታ ዘመድ የሆነው ሄዘር ከግርጌ ናቸው።

መኳንንቱ የተሾሙት ከቁመናቸው ይልቅ በሙያቸው ነው። የበሉጥ ፍሬ አሳማ ያደልባል፤ ልጡ ቆዳ ያለፋል። ከአሽ የንጉሥ መቀመጫና የጦር ዘንግ ይሠራል። ሆሊ እንኳ እሾሃማ ቅጠሉ በብርዱ ወራት የከብት መኖ ስለሚሆን ከበላዮቹ ተርታ ገብቷል። የእኛን ሰው የሚያስገርመው የጥድ ዕጣ ነው፦ አብያተ ክርስቲያናችንን የሚያጅበው የሐበሻ ጥድ ዘመድ እዚያ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነው የተቀመጠው። የአየርላንዱ ጥድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥቋጦ ሆኖ ስለሚቀር፣ ዳኞቹ አድልተዋል ለማለት ያስቸግራል።

ዛፎቹ ለፊደልም ስም አውሰዋል። ድንጋይ ጠርዝ ላይ ይቀረጽ በነበረው ጥንታዊው የኦጋም ጽሕፈት፣ «ዳር» በሉጥ፣ «ኮል» ደግሞ ሄዘል ነው። የፊደሉን ስሞች በሙሉ የዛፍ የሚያደርጉ ጸሐፊዎች ግን ያጋንናሉ፤ «ጎርት» ማለት እርሻ ነውና። ቅጠላ ቅጠል ማለት ከሆነው «ሉብ» ጋር ተጣምሮ «ሉብጎርት» ሲሆን የጓሮ አትክልት ቦታን ይጠራ ነበር። ዛሬ በቦታው «ጋርዲን» የሚል የውጭ ቃል ገብቷል።

ከሕጉም ከፊደሉም በላይ ዕድሜ ያገኘው የቦታ ስም ነው። ዴሪ የበሉጥ ዱር፣ ኪልዴር የበሉጥ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። በ1613 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ዘውድ ዴሪን «ለንደንደሪ» ሲላት፣ በሉጡ ከአዲሱ ስም ውስጥም አልወጣም። ከመሬቱ ግን ወጣ፤ እርሻና የእንጨት ንግድ ጫካውን ጨርሰውት፣ 20ኛው መቶ ዘመን ሲብት ደን የሸፈነው ከአገሪቱ 1 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። አሁን ሽፋኑ ከ11 በመቶ በላይ ደርሷል። በብዛት የተተከለው ግን ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ሲትካ ስፕሩስ ነው፤ እሱ ደግሞ ከ28ቱ አንዱ አይደለም።