አስታማሚዋንስ ማን ይቁጠራት?

በሆስፒታል አልጋ ከያዘ ሰው አጠገብ አስታማሚ አትጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ እኅት፣ ሚስት ወይም ሴት ልጅ ናት። ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች፣ መድኃኒት ፍለጋ ትሮጣለች፤ ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ ትጠራለች። ሌሊቱን መሬት ላይ ታድራለች። ሥራዋ በየትኛውም የደመወዝ መዝገብ የለም። የነርስነትን ታሪክ መለስ ብለን ስናይ ግን ነርስ ባነሰበት ዘመን ሁሉ ጉድለቱን የሞላችው እሷ ናት።

በአገራችን ዘመናዊ ነርስነት ሲነሣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ይታወሳሉ። በስደት ዘመን ሎንዶን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ፣ በ1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። አዲስ አበባ ላይም በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ።

ወደ እኛ አካባቢ ነርስነትን ያቀረበው ግን የወባ ወረርሽኝ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ደምቢያ ላይ የተነሣው ወባ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። በማግሥቱ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከእሱ የበቀለ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን ያሠለጥን ነበር። አብረው የተማሩት በየጤና ጣቢያው አብረው እንዲሠሩ ታስቦ ነው። ኮሚኒቲ ነርሷ ታዋልዳለች፣ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ቤት ለቤት ትሄዳለች።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ቁጥሩ ግን ከባድ ነበር። አንድ ጤና ጣቢያ ለ50,000 ሰው እንዲያገለግል ነበር የታቀደው። የስሜንን ገደልና ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ሕመምተኛ የሚወርደው በቃሬዛ ነው። ቃሬዛውን ወንዶች ይሸከማሉ፤ ስንቅ ቋጥራ ከኋላ የምትከተለው፣ ሌሎቹ ሲመለሱም እዚያው የምትቀረው አስታማሚዋ ናት።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ደመወዝ ተቆርጦላቸው ተመደቡ፤ በአገር ደረጃ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። በአገራዊው ጥናት መሠረት በፈረንጆች 2000 ከ100,000 ሕያው ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 412 ሆነ። ለውጡ የእነሱ ብቻ ባይሆንም ያለ እነሱ አይታሰብም። ሴት ስትሠለጥንና ስትከፈል ምን እንደሚገኝ ከዚህ አይተናል።

ሆኖም ነፍሰ ጡሯን ሆስፒታል ድረስ ማድረስ ግማሽ መንገድ ነው። በፈረንጆች 2002 በአሜሪካ ፔንስልቬንያ በ168 ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አንዲት ነርስ የምትይዘው ሕመምተኛ በአንድ በጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ይጨምራል። የካሊፎርኒያ ግዛት አንዲት ነርስ ከስንት ሕመምተኛ በላይ እንዳትይዝ በሕግ ወስኖ፣ ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ያ ሁሉ መሣሪያ ባለበት አገር ነርስ ስታንስ ሰው ከሞተ፣ እኛ ዘንድ እንዴት ሊሆን ነው?

«ነርሷ ፊት ነሳችን፣ ተቆጣችን» የሚል ቅሬታ በመካከላችን ብዙ ይሰማል። ክፉ ጠባይ መታረም አለበት። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋ አልጋ ስትሮጥ ያደረች ተረኛ ከየት አምጥታ ትፍለቅለቅ? እሷ ያልደረሰችበትን አስታማሚዋ ትሠራዋለች፤ ትኩሳት መለካት፣ የደም መፍሰስን ቶሎ መለየት ግን ፍቅር ብቻ አያስተምርም። አስታማሚዋም ስትውል ስታድር አረሟ ያልፋል፣ ገበያዋ ይታጎላል፣ የቁጠባ ተራዋ ይዘላል። የነርስ እጥረት ዋጋ ተመልሶ የሚያርፈው በእኛው ጓዳ ነው።

ስለዚህ ለእናቶች ማቆያ የገንፎ እህልና ማገዶ ማዋጣታችንን እንቀጥል። በሕዝብ መድረክ ደግሞ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ «ሌሊት ላይ ስንት ነርስ ለስንት ሕመምተኛ ትገባለች?» የሚረዱንንም ወገኖች አደራ የምንለው ይህንኑ ነው። አልጋና ሕንፃ በዓይን ይታያል፣ ይመረቃል። አልጋው አጠገብ የምትቆመው የሠለጠነች እጅ ግን ካልተጠየቀላት አትመጣም።