ድምፅ የሚያጥበው ብረት፦ የአልትራሶኒክ ማጽጃ በጀርመን የሞተር ብስክሌት ጋራዦች ሥር የሰደደበት ሂደት

የሰው ጆሮ ሊሰማው በማይችል ከፍተኛ የድምፅ ሞገድ አማካይነት ፈሳሽ ውስጥ የተነከሩ ዕቃዎችን የሚያጸዳው አልትራሶኒክ ማጽጃ፣ ዛሬ በጀርመን አገር ከባለሙያው ጋራዥ አልፎ በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ሞተር ብስክሌቱን ራሱ በሚጠግን ሰው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ቦታ አግኝቷል። በዚያ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ መሣሪያውን መጀመሪያ የሚያየው ግን ብዙውን ጊዜ በጋራዥ ሳይሆን በመነጽር መሸጫ ነው፤ መነጽር ሻጮች ደንበኛም ሆነ አላፊ አግዳሚ መነጽሩን በነጻ እንዲያጥብበት ትንሽ ገንዳ በመግቢያቸው አጠገብ የማስቀመጥ ልማድ አላቸውና። መሣሪያው ከመነጽርና ከእጅ ሰዓት ተነሥቶ ካርቡሬተርና ብሎን ማጠቢያ እስኪሆን የተጓዘበት መንገድ በቅርብ ሲመረመር፣ አንድ ቴክኖሎጂ ሥር የሚይዘው በራሱ ብርታት ብቻ ሳይሆን ሕጉ፣ ወቅቱ፣ የነዳጁ ጠባይና የሙያው ሥነ ሥርዓት ሲገጥሙለት መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

መሣሪያው የቆመበት ሳይንስ ከሞተር ብስክሌት ጋር ዝምድና አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1880 ወንድማማቾቹ ዣክ እና ፒየር ኩሪ እንደ ኳርትዝ ያሉ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳዩ፤ ብዙም ሳይቆይ የዚህ ተገላቢጦሽ፣ ማለትም ክሪስታሉ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው መለጠጡና መኮማተሩ ተረጋገጠ፤ ይህም ፒየዞኤሌክትሪክ የሚባለው ባሕርይ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ላንዥቫን የኳርትዝ ቁራጮችን በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል አጣብቆ የባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን በድምፅ ሞገድ መፈለጊያ መሣሪያ ሠራ፤ በሙከራውም ወቅት በሞገዱ መንገድ ላይ የገቡ ዓሦች እንደሚሞቱ፣ እጁን ያስገባ ሰውም ሕመም እንደሚሰማው አስተዋለ። ዛሬ በየማጽጃው ገንዳ ሥር የሚለጠፈው ንዝረት ሰጪ አካል በአሠራሩ ከላንዥቫን የወረደ ነው፤ ዋናው ልዩነት በኳርትዙ ቦታ ሰው ሠራሽ ሴራሚክ መግባቱ ነው።

በጀርመን መሣሪያው መጀመሪያ የገባው ጥቃቅን ዕቃ በሚነካበት ሙያ ውስጥ ነው። በደቡብ ጀርመን ዚንገን ከተማ በ1948 የተቋቋመው ኤልማ የተባለው ኩባንያ ሥራውን የጀመረው በሰዓት ማጠቢያ መሣሪያዎች ሲሆን፣ በ1955 በበርሊን የተመሠረተው ባንዴሊን ደግሞ ለቤተ ሙከራና ለሕክምና መሣሪያዎች የሚሆኑ የአልትራሶኒክ ገንዳዎችን በማምረት ታወቀ። ለረጅም ጊዜ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ቅባት የሚያስለቅቁት ክሎሪንና ፍሎሪን ባለባቸው ኬሚካሎች ነበር፤ ነገር ግን የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ የተደረገው የሞንትሪያል ስምምነት በ1987 ከተፈረመና የ1990ው የለንደን ማሻሻያ ተጨማሪ የማጠቢያ ኬሚካሎችን ካገደ በኋላ፣ ፋብሪካዎቹ ወደ ውኃና ሳሙና ነክ መፍትሔ ፊታቸውን ለማዞር ተገደዱ። ውኃ ብቻውን ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የጠነከረ ቅባት ማላቀቅ ስለማይችል የድምፅ ሞገዱ እገዛ አስፈለገው፤ በዚህም ምክንያት ለአሉሚኒየም፣ ለነሐስና ለብረት እየተለዩ የሚቀመሙ የማጠቢያ ፈሳሾች ተስፋፉ። በኋላም በቻይና የሚመረቱ አነስተኛ ገንዳዎች በርካሽ ዋጋ ገበያውን ሲሞሉ፣ ፋብሪካው ያከማቸው ዕውቀት ለግለሰቡ ጋራዥ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

የአሠራሩ ምሥጢር ካቪቴሽን የሚባለው ክስተት ነው፤ ይህም በፈሳሽ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች በቅጽበት ተፈጥረው በቅጽበት የሚፈርሱበት ሁኔታ ሲሆን፣ የአረፋ መፍረስ የሚፈጥረውን ግፊት እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1917 ባወጣው ጥናት በሒሳብ አስልቶታል። በጋራዥ የተለመደው ማጽጃ በ40 ኪሎኸርትዝ ይሠራል፤ ይህም በሰከንድ 40,000 ጊዜ ፈሳሹን ይጨምቃል፣ መልሶም ይስባል ማለት ነው። በስበቱ ጊዜ የተፈጠረው አረፋ በጭመቃው ጊዜ ሲፈርስ፣ በአጠገቡ ወዳለው የብረት ገጽ እጅግ ቀጭንና ፈጣን የፈሳሽ ጅረት ይወረውራል፤ ብሩሽም ሆነ ጣት በማይደርስበት ሥርቻ የተጣበቀው ቆሻሻ የሚላቀቀው በዚህ ተደጋጋሚ ምት ነው። ዝቅ ያለ ድግግሞሽ ትልልቅና ብርቱ አረፋ ስለሚፈጥር ለግዙፍ ብረት ሲመረጥ፣ 80 ኪሎኸርትዝና ከዚያ በላይ ያለው ለስላሳ ምት ስለሚሰጥ ለስስ ዕቃ ይስማማል። በውኃ ውስጥ የ40 ኪሎኸርትዝ ሞገድ ርዝመት ወደ 37 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ገንዳው ውስጥ በየ18 ሚሊ ሜትር ገደማ ምቱ የሚበረታባቸውና የሚደክምባቸው ንብርብሮች ይፈጠራሉ፤ ዕቃው የተቀመጠበትን የሽቦ ቅርጫት አልፎ አልፎ ማንቀሳቀስ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ይህ ጥበብ በጀርመን ሞተረኞች ዘንድ የተወደደበት ዋናው ምክንያት የክረምቱ ቅዝቃዜና እርሱን የተከተለው ሕግ ነው። ከ1997 ጀምሮ የአገሪቱ ሕግ ወቅታዊ የሰሌዳ ቁጥር የሚባለውን አሠራር ፈቅዷል፤ በዚህም መሠረት ባለንብረቱ ከ2 እስከ 11 ወር የሚደርስ ጊዜ መርጦ ግብርና መድን የሚከፍለው ለዚያ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ መነሻና መድረሻ ወሮቹም በሰሌዳው የቀኝ ጠርዝ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ተጽፈው ይታያሉ። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የሚል ሰሌዳ የለጠፈ ሞተር ብስክሌት ቀሪዎቹን አምስት ወራት በጋራዥ ቆሞ ያሳልፋል፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚንም ቀላል ክፍሎቹ ሲተኑ፣ የተረፈው ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንደ ቫርኒሽ ያለ ሙጫ ይሆናል። እስከ 10 በመቶ ኤታኖል፣ ማለትም ከእህልና ከስኳር ተክሎች የሚገኝ አልኮል የሚቀላቀልበት ቤንዚን በ2011 በአገሪቱ መሸጥ ሲጀምር ችግሩ ሌላ ገጽታ ተጨመረበት፤ ኤታኖል እርጥበት ስለሚስብ በዚንክና በአሉሚኒየም ቅልቅል የተሠሩ ካርቡሬተሮች ውስጣቸው ነጭ ዝገት ያወጣልና።

የሚዘጋው ክፍል ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። ካርቡሬተር ነዳጅን ከአየር ጋር በልክ የሚቀላቅል አካል ሲሆን፣ ልኩን የሚጠብቁት ጄት የሚባሉት መሐላቸው የተበሳ ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች ናቸው፤ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ያለ ጉዞ በዝግታ ሲሠራ ነዳጅ የሚያሳልፈው ጄት ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም የተዘጋ ጄትን በቀጭን ሽቦ መጎርጎር የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሽቦው 0.40 ሚሊ ሜትር የነበረውን ቀዳዳ ፍቆ 0.42 ቢያደርሰው፣ ነዳጅ የሚያልፍበት ስፋት በ10 በመቶ ይጨምራል፤ ሞተሩም ከዚያ ወዲያ ነዳጅ የሚያበዛበት ምክንያት ለመካኒኩ እንቆቅልሽ ይሆናል። ድምፁ ቆሻሻውን አንሥቶ ልኩን ሳይነካ መተዉ ከሁሉ የላቀ ዋጋው ነው።

በምሥራቅ ጀርመን ደግሞ መሣሪያውን የወጣቶች ወዳጅ ያደረገ የተለየ ታሪክ አለ። በቀድሞዋ የጀርመን ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ዙል ከተማ ይመረቱ የነበሩት ሲምሶን የተባሉት 50 ሲሲ ሞተሮች በ1990 በተፈረመው የውሕደት ውል ልዩ መብት አግኝተዋል፤ ሌሎች ተመሳሳይ ሞተሮች በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄዱ ሲገደቡ፣ እስከ የካቲት 1992 መጨረሻ ድረስ አገልግሎት ላይ የዋሉት ሲምሶኖች ግን በአነስተኛው መንጃ ፈቃድ እስከ 60 ኪሎ ሜትር እንዲነዱ ተፈቅዷል። ይህ መብት ለአዲስ ሞተር ስለማይሰጥ አሮጌው ሲምሶን እንደ ቅርስ ይጠበቃል፤ የልጅ ልጅ የአያቱን ሞተር ፈትቶ ሲያድስ የካርቡሬተሩን እጥበት በአልትራሶኒክ ገንዳ መጀመር የተለመደ ሆኗል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለትምህርት ወደዚያች አገር ሄደው የነበሩ ኢትዮጵያውያን በየጎዳናው ሲጮኹ ይሰሟቸው የነበሩት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች እነዚሁ ናቸው።

የአንድ ካርቡሬተር እጥበት በቅርብ ሲታይ አብዛኛው ድካም ከገንዳው ውጭ እንደሆነ ይታወቃል። መካኒኩ በመጀመሪያ የድብልቅ ማስተካከያዋን ብሎን ስንት ዙር እንደተከፈተች ቆጥሮ ይመዘግባል፤ ቀጥሎ ታችኛውን የነዳጅ ሳህን፣ ተንሳፋፊውን፣ መርፌውንና ጄቶቹን እየፈታ ላስቲክ የሆነውን ሁሉ ለብቻው ያኖራል፤ ወፍራሙን ጭቃና ግራሶም በብሩሽ ያስወግዳል፤ ይህ ካልተደረገ ፈሳሹ ወዲያው ጠቁሮ አቅሙን ያጣልና። ገንዳው በውኃና ለአሉሚኒየም በሚስማማ ማጠቢያ ተሞልቶ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ፣ ዕቃው ከመግባቱ በፊት መሣሪያው ለጥቂት ደቂቃ ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ይሠራል፤ በፈሳሹ የሟሟው አየር ካልወጣ የአረፋዎቹን ምት ያለዝባል። ከዚያ በኋላ የካርቡሬተሩ አካል የገንዳውን ወለል ሳይነካ በቅርጫቱ ይጠልቃል፤ በውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች አየር እንዳይቋጥሩም ገልበጥ ገልበጥ ይደረጋል። ከነሐሱ ቀዳዳ እንደ ጭስ ያለ ቡናማ ጅረት ሲወጣ ማየት ሥራው መጀመሩን ያበሥራል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ዕቃው በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል፣ ጄቱም ወደ ብርሃን ተይዞ ቀዳዳው ክብ ሆኖ መታየቱ ይረጋገጣል።

ብሎን፣ ዳዶና ሮንደላ ሲታጠቡ ደግሞ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ዝገት የሚያስለቅቅ አሲድነት ያለው ፈሳሽ በዚንክ የተለበጠውን ብሎን ልባሱን ገፍፎ ለበለጠ ዝገት ያጋልጠዋል፤ ቅባት የሚያስለቅቅ ብርቱ አልካሊ ደግሞ ብረቱን ሳይጎዳ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ያጠቁረዋልም፤ ስለዚህ የተለያዩ ብረቶችን በአንድ ገንዳ መቀላቀል አይመከርም። ንጹሕ የሆነ ብረት ቅባቱ ስለተገፈፈ ከውኃ እንደወጣ መዛግ ይጀምራልና ወዲያው መድረቅና በስሱ ዘይት መቀባት አለበት። የታሸገ ኩሽኔታ ግራሶው ስለሚታጠብበት፣ ልባሱ መነሣት የጀመረ የክሮም ዕቃም ስለሚላጥ ወደ ገንዳው ባይገቡ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ቤንዚን ገንዳው ውስጥ መጨመር ሕይወትን አሳልፎ እንደመስጠት ነው፤ የሞቀው ፈሳሽ ትነትና ከመሣሪያው የሚወጣ ብልጭታ ሲገናኙ ፍንዳታ ይከተላል። ቤንዚን ርካሽና ቅባት አስለቃቂ ስለሆነ ለጋራዥ ሰው ፈታኝ መሆኑ እሙን ነው፤ ይሁን እንጂ ለተራ ገንዳ የሚፈቀደው ውኃን መሠረት ያደረገ ፈሳሽ ብቻ ነው። መሣሪያው እየሠራ ሳለ እጅ ማስገባትም ክልክል ነው፤ ላንዥቫን ከመቶ ዓመት በፊት የተገነዘበው ሕመም ዛሬም ያው ነውና። የጀርመን የውኃ ሕግ ዘይት የነካው እጣቢ ወደ መሬትም ሆነ ወደ ፍሳሽ ቦይ እንዳይደፋ ስለሚከለክል፣ ያገለገለው ፈሳሽ በጀሪካን ተጠራቅሞ ለአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ጣቢያ ይሰጣል። በግቢ ውስጥ በቤንዚን ማጠብ በተከለከለበት አገር የተዘጋ ገንዳ መምረጥ ከቅንጦት ይልቅ የሕግ አክባሪነት መንገድ ሆነ።

በጀርመን ጋራዦች የሚሠለጥኑ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ይህን ሥርዓት የሚማሩት ከሙያው ጋር ነው፤ የባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ መካኒክነት ሥልጠና ሦስት ዓመት ተኩል የሚፈጅ ሲሆን፣ ሠልጣኙ ጊዜውን በጋራዥና በሙያ ትምህርት ቤት ያካፍላል። ለእነዚህ ወጣቶች የሚነሣው ተገቢ ጥያቄ ዕውቀቱ ወደ አገር ቤት ሲሻገር ምን ይጠቅማል የሚለው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ካርቡሬተር የሚጠቀሙ ባለ ሦስት እግር ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ናቸው፤ የግብርና ባለሙያውም ከቀበሌ ቀበሌ የሚደርሰው በሞተር ነው። በዚያ ጄቱን የሚዘጋው ከክረምት እንቅልፍ ይልቅ አቧራና ንጽሕናው ያልተጠበቀ ነዳጅ በመሆኑ፣ ችግሩ በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን በየጊዜው ይመላለሳል፤ በየጊዜው የሚገባው ሽቦም የጄቱን ልክ እያበላሸ ይሄዳል። ትንሽ ገንዳ ማንቀሳቀስ ከባድ የኤሌክትሪክ ኃይል አይጠይቅም፤ የሞባይል ጠጋኞች የስልኩን የውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ለማጽዳት የሚገለገሉበት ዓይነት መሣሪያ በመሆኑም ለከተማ ገበያ ጨርሶ እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ የጀርመኑ ታሪክ የሚያስተምረው ገንዳውን ብቻ በሻንጣ ይዞ መግባት እንደማይበቃ ነው። መሣሪያው በዚያ የጸናው ለእያንዳንዱ ብረት የሚስማማው ፈሳሽ ስለተቀመመለት፣ ፈትቶ፣ ቆጥሮና መዝግቦ የሚሠራ መካኒክ ስለጠበቀው፣ እጣቢውንም የሚቀበል ተቋም ስለነበረው ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚመለስ ባለሙያም ሆነ ወገኑን ለመርዳት የሚሻ ነዋሪ፣ መሣሪያውን ለአንድ ጋራዥ ከመለገሱ በፊት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የእጥበቱን ሥርዓት እንዲያስተምሩ ቢያግዝ፣ ተስማሚው ፈሳሽ በአገር ውስጥ የሚቀመምበትን መንገድ ቢያስጠና፣ የእጣቢውንም አወጋገድ ከወዲሁ ቢያስብበት ድካሙ ፍሬ ያፈራል። ይህ ሲሟላ የመካኒኩ ሳንባ ከቤንዚን ትነት፣ ወንዙም ከዘይት እጣቢ ይጠበቃል፤ የባጃጅ ነጂውም ያለአግባብ ከሚባክን ነዳጅ የሚተርፈው ገንዘብ ወደ ቤተሰቡ ይገባል።