ከእጮኝነት እስከ ሠርግ፦ በሐርጌሳ የመሰናዶው ወራት ታሪክ

በሰሜን ሶማሌ አርብቶ አደሮች ልማድ፣ ከእጮኝነት እስከ ሠርግ ያለው ጊዜ ቤት የሚሠራበት ጊዜ ነበር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገሩ ጥናት ያካሄደው ኢ. ኤም. ሉዊስ እንደዘገበው፣ የወንዱ ወገን ልጅቷን ሲያጭ «ገባቲ» የተባለውን ስጦታ፣ ቀጥሎም «ያረድ» የተሰኘውን ጥሎሽ በከብት ይሰጣል። የሴቷ ወገን በበኩሉ «ዲባድ» በሚባል ስጦታ ይመልሳል። የዲባዱ ዋና ክፍል «አቀል»፣ ማለትም ተነቅሎ በግመል የሚጫነው ቤት ነው። የአቀሉን ምንጣፍ የሚሠሩት ሴቶች ስለሆኑ፣ ሙሽራዋ ጎጆ የምትወጣው የሴት ዘመዶቿ እጅ ባረፈበት ቤት ነበር።

ከተሜነት ይህን ሚዛን አናጋው፤ በድንጋይ ቤት ለሚኖር አቀል አያስፈልገውምና። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሐርጌሳ በአየርና በመድፍ ድብደባ ስትፈርስ፣ ነዋሪዋ በብዛት ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ሐርተ ሼክና መሰል መጠለያዎች ተሰደደ። ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከተማዋ እንደገና ስትሠራ፣ በውጭ የቀሩት ዘመዶች የሚልኩት ገንዘብ የሠርግም አቅም ሆነ። ዛሬ እጮኛው ቤት ይከራያል፤ የቤት ዕቃና ወርቅ ይገዛል፤ አዳራሽ ይይዛል። ገንዘቡ እስኪሞላ ሠርጉ ይዘገያል፤ አንዳንዱም ለዚሁ ሲል ይሰደዳል።

ስለ ሠርግ ወጪ የሚነሣው ወቀሳ ዘወትር በጥሎሹ መብዛት ላይ ያተኩራል። ከታሪኩ እንደምንረዳው ግን ጥሎሽ ቀድሞም ከባድ ነበር፤ ያቃለለው ምላሹ ነው። አሁን የጎደለውም እርሱ ነው፤ የሴቶቹ የወራት ሥራ በገበያ ዕቃ ሲተካ፣ ሁለት ወገን ይሸከመው የነበረው ሸክም ወደ አንዱ አጋደለ።