የማንም ያልሆኑት የመተማ ቆላ አራዊት

በ1764 ዓ.ም. በገና ሰሞን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጎንደርን ለቆ ወደ ሰናር ሲወርድ፣ እሱ «ቸርኪን» ብሎ በጻፈው ቆላ ላይ ጥቂት ቀናት አረፈ። አስተናጋጁ የወይዘሮ አስቴር ልጅ፣ የእቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጅ ክንፉ ነበር። እንግዳን በአደን ማክበር የመኳንንት ወግ ነውና ፈረሰኛው ተሰባስቦ ዝሆን ፍለጋ ወጣ። ካገኟቸው መካከል ግልገል ያላት አንዲት ዝሆን ነበረች። እናቲቱን ጅማቷን በጥሰው ሲጥሏት ግልገሉን ልብ ያለው አልነበረም። ድንገት ከጥሻው ወጥቶ ፈረሱም ሰውም ላይ ተወረወረ። ብሩስ እናቲቱን እንዲተዉለት ጮኸ፤ ግን ረፍዶ ነበር። ግልገሉ ደጋግሞ ወደ እሱም መጣ። ብሩስ እየሸሸ አሳለፈው እንጂ እጁን አላነሳበትም፤ ባለመምታቱ ዓመታት ካለፉ በኋላም ደስ እንደሚለው ጽፏል። በመጨረሻ ከመኳንንቱ የአንዱን እግር ጎዳ ቢያደርግ በጦር ተወጋ፤ ከቆሰለች እናቱ ፊት ወድቆም ሞተ።

ብሩስ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1790 ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ መተማና ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላ የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የዘማችና የድንበር ታሪክ ነው፤ መሆኑም ተገቢ ነው፣ ንጉሠ ነገሥት የወደቀበት ምድር ነውና። እኔ ግን በዚያው ምድር ላይ ከየትኛውም ወገን ሳይሆኑ የሁሉም ሰለባ ስለሆኑት አራዊት መጻፍ እፈልጋለሁ።

ዛሬ ልጆቻችን በስልክና በኮምፒውተር የሚጫወቷቸው የካርድ ጨዋታዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ሀርዝስቶን» አንዱ ነው። ካርዶቹ በየጀግናው ይመደባሉ፤ የአዳኙ አለ፣ የተዋጊው አለ፣ የጠንቋዩ አለ። ከእነዚህ ሌላ ገለልተኛ የሚባሉ ፍጡራን አሉ፤ የማንም ጀግና አይደሉም። ገለልተኛ ሲባል ከጦርነቱ ውጭ የሆነ ይመስላል። በጨዋታው ሕግ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ የማንም ስላልሆነ ማንኛውም ተጫዋች አንስቶ ሊያሰልፈው ይችላል። የመተማ ቆላን የሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ታሪክ በዚህ ዓይን ሳነበው ብዙ ነገር ይገለጥልኛል።

ከአደኑ እንጀምር። ብሩስ «አጋጊር» የሚላቸው አዳኞች ሁለት ሆነው በአንድ ፈረስ ላይ ይቀመጣሉ፤ ራቁታቸውን ናቸው፣ ልብስ ቁጥቋጦ እንዳይዛቸው። የፊተኛው በእጁ ከአርጩሜ በቀር ምንም አይዝም። የኋለኛው ሰይፍ ይዟል፤ በሁለት እጁ እንዲጨብጠው የስለቱ የላይኛው ክፍል በገመድ ተጠምጥሟል። የፊተኛው ዝሆኑ ፊት ለፊት ደርሶ ይፎክራል፣ ይሰድባል፣ ያስቆጣዋል። ዝሆኑ ፈረሱን ሲከተል የኋለኛው ዘሎ ይወርድና ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት በአንድ ምት ይቆርጣል። ጓደኛው ፈረሱን አዙሮ አፈፍ አድርጎት ይሸሻል። የአንድ እግሩ ጅማት የተቆረጠ ዝሆን ሊራመድ አይችልም፤ ቆሞ ጦሩን ይቀበላል። ሥጋው እንደ ልጓም ማሰሪያ በቀጭኑ ተተልትሎ፣ ያለ ጨው በዛፍ ላይ ደርቆ የክረምት ስንቅ ይሆናል።

ከ90 ዓመት በኋላ፣ በ1854 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር በሰቲትና በአንገረብ ወንዞች ዳር ሲያድን ይኸው ጥበብ በሐምራን ዐረቦች እጅ ሕያው ነበር። ከመካከላቸው ሮደር ሸሪፍ የተባለው አዳኝ ግራ እጁ የሰለለ ነበር፤ ሆኖም ዝሆኑን ፊት ለፊት የማስቆጣቱን ሥራ፣ ከሁሉ የከፋውን ማለት ነው፣ የሚይዘው እሱ ነበር። ያንን ድፍረት አለማድነቅ አይቻልም። ግን የድፍረቱን ዋጋ የከፈለው የዝሆን ጥርስ ነበር፤ የጥርሱም መንገድ በመተማ ገበያ ያልፋል።

መተማ ያን ጊዜ የታክሩሪዎች ከተማ ነበረች። ከዳርፉር መጥተው፣ በመካ ጉዞ መንገድ ላይ ለሚያልፉ ወገኖቻቸው ማረፊያ እንድትሆን የሰፈሩባት ቦታ ናት። ጥጥ ያመርቱ ነበር፤ ማርም በብዛት ይቆርጡ ነበር። ሼኻቸው በአንድ በኩል ለኢትዮጵያ ንጉሥ፣ በሌላ በኩል በግብፅ ለሚገዛው ሱዳን ግብር ይከፍል ነበር። በድንበር ላይ ለመኖር የተከፈለ ዋጋ ይህ ነው፦ ገለልተኛ ከተማ ሁለት ጊዜ ትገብራለች። በገበያዋ ቡናና ሰም፣ ቆዳና ከብት፣ የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ ቤከር በዓይኑ ያየውን ጽፏል፣ ይህን ሳይጠቅሱ ስለ መተማ ገበያ ማውራት ነውር ነው።

አራዊቱ በሞት ብቻ ሳይሆን በሕይወትም ይወሰዱ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ፣ ራሳቸው የቋራ ሰው፣ በአጠገባቸው የተላመዱ አንበሶች ያኖሩ ነበር፤ የፈረንሳዩ ቆንስል ጊዮም ለዣን ከነአንበሶቻቸው ሆነው ችሎት ሲሰጡ የሚያሳይ ሥዕል ለአውሮፓ አድርሷል። ከዚያ በኋላ የመጣው ንግድ ግን የከፋ ነው። በ1860ዎቹ ከከሰላ እየተነሱ እስከ ኢትዮጵያ ድንበር ወንዞች ድረስ የሚያስይዙ የአውሬ ነጋዴዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ፣ ሎሬንሶ ካዛኖቫ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ዝሆን፣ ቀጭኔና ሌላም አራዊት ሰብስቦ በስዊዝ በኩል ለሀምቡርጉ ነጋዴ ለካርል ሀገንቤክ አስረከበ። ከነዚህ ጉዞዎች ጋር የፍየል መንጋ ይነዳ ነበር፣ ለግልገሎቹ ወተት እንዲሆን። ግልገል የሚያዘው ደግሞ እናት በዚያው ሰይፍ ከተጣለች በኋላ ነው። በጀርመን ከተሞች አጥር ዳር ቆሞ ያየ ሕፃን ሁሉ ይህን አላወቀም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የድርቡሾች ጦር በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠለ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የድርቡሾቹ አዛዥ ዘኪ ቱማል የመሸገባትን መተማን አጠቁ፤ ድል በእጃቸው ሲገባ ጥይት አገኛቸው፣ በማግስቱም አረፉ። ያ ዘመን የክፉ ቀን ዘመን ነበር፤ የከብት እልቂቱ የገበሬውን በሬ ብቻ ሳይሆን የዱሩን ጎሽም ፈጅቷል። መተማና አጠገቧ ያለችው ገላባት ወና ቀሩ። ያች የብዙ ሕዝብ መናኸሪያ ከተማ ተመልሳ ለመቆም ዓመታት ወሰዱባት።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አፄ ምኒልክና እንግሊዞች የድንበር ውል ፈረሙ፤ በተከታዩ ዓመት ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መሬት ላይ አካለለው። መተማ እዚህ፣ ገላባት እዚያ ቀሩ። ለሰው ትርጉም የነበረው ይህ መስመር ለአራዊቱ ምንም አልነበረም። የዲንደር ሜዳ ጥቁር አፈሩ በክረምት ውኃ ሲተኛበት አራዊቱ ወደ ደረቁና ወደ ከፍታው ይወጣሉ፤ በጋ ሲገባ ውኃ ወዳቆረው ኩሬ ይመለሳሉ። ይህ ዑደት ከውሉ በፊትም ነበረ።

ኋላም ጦርነት የራሱን አራዊት ይዞ መጣ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በዊልያም ስሊም የሚመራ የእንግሊዝና የህንድ ጦር ገላባትን ከጣሊያን ነጠቀ፤ መተማን ግን ሳይዝ ተመለሰ። ጥር 12 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ከመተማ በስተደቡብ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። አብሯቸው የዘመተውን የእንግሊዛዊውን መኮንን የዊንጌትን ስንቅና መሣሪያ የተሸከሙት ከሱዳን የተገዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች ነበሩ። በረሃ ላይ ያደጉ ፍጡራን የጎጃምን ቆላና ዳገት አልቻሉትም፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። ለነፃነታችን ከከፈሉት መካከል ናቸው፤ እኔ በበኩሌ ስማቸው ከታሪኩ ባይጎድል ደስ ይለኛል።

ድንበሩ አራዊቱን ያልለያቸው ቢሆንም ሕጉ ለያይቷቸዋል። ሱዳን ዲንደርን ብሔራዊ ፓርክ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ከማዶው ያለው፣ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የቋራው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ለመሆን የበቃው በ1998 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 70 ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ አንበሳ ምሽቱን በሕግ የተጠበቀ፣ ንጋቱን ለሚገድለው ሁሉ የተተወ ነበር ማለት ነው። የመተማ ዙሪያ ደግሞ ሌላ መልክ ያዘ፤ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ተስፋፋ፣ እጣን የሚሰጠው ዛፍ ተመነጠረ፣ ፈላታ የሚባሉ አርብቶ አደሮች የከብት መንጋቸውን ከሱዳን እየነዱ አልጣሽ ውስጥ ገቡ። ገበሬውን አልወቅስም፣ ሰሊጥ የዚያ አካባቢ ሕይወት ነው። ፈላታውንም ቢሆን፣ ለከብቱ ሣር የሚፈልግ ሰው ነው። ጥያቄው ስለ አውሬው የሚናገር ማን ነው የሚለው ነው።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ ላይ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቦርን ፍሪ ድርጅት ጋር አልጣሽ ገብተው በወጥመድ ካሜራ አንበሳ ፎቶ አነሱ፣ ዱካውንም ለዩ። በሳይንስ ዘንድ አንበሳ ስለመኖሩ ማስረጃ ያልነበረበት ስፍራ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ግን ከጥንትም ያውቅ ነበር። ግምታቸው በአልጣሽና በዲንደር በአጠቃላይ ከ100 እስከ 200 አንበሶች ይኖራሉ የሚል ነው፤ ከነዚህ በእኛ በኩል ያሉት ከ27 እስከ 54 ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ውስጥ በሆነችው ሱዳን ነው፤ ውጊያውም በ2016 ዓ.ም. ክረምት ዲንደር ከተማ ድረስ ደርሷል። በእኛም በኩል የአማራ ክልል ሰላም ካጣ ቆይቷል። ከሁለቱ ፓርኮች ጠባቂዎች መካከል ዛሬ ማንም ብቻውን እነዚህን አንበሶች ሊጠብቅ አይችልም፤ ዱካቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋልና። አዲስ አበባና ካርቱም በሌላው ሁሉ ባይስማሙ እንኳ፣ ለአልጣሽና ለዲንደር አንድ የጋራ የጥበቃ ስምምነት ሊኖራቸው ይገባል።