አልነሳም ያለው አዲስ ሞተርና የኦቶ ሁለት ዙር

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አፍንጮ በር የሚወጣውን ዳገት እያጓራ የሚወጣ ሰማያዊና ነጭ ላዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የአንዱ ሞተር ወርዶ፣ ፒስተኑ ተቀይሮ፣ ቴስታታው ተስተካክሎ እንደገና ተገጠመ እንበል። ባለታክሲው ያለ ገቢ ሰንብቷል። አሁን ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሪኖው ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች! እንዲያውም በካርቡሬተሩ በኩል "ጷ!" ብሎ ይተፋል። ሁሉም ነገር አዲስ ሆኖ ሳለ ምን ጎደለ?

ነገሩ የሚጀምረው ጀርመን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ኒኮላውስ ኦቶ በአራት ምት የሚሠራ ሞተር ሠራ፦ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት። አራቱ ምት እስኪያልቅ ክራንኩ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ግን አንዴ ብቻ። ስለዚህ ፒስተኑ ጫፍ የሚደርሰው ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዴ የታመቀ ቤንዚንና አየር ይዞ፣ አንዴ ደግሞ ጭስ ሲያስወጣ። የክራንኩ ምልክት በሁለቱም ጊዜ ልክ ይገጥማል! በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት መኪናም ከዚህ ሕግ አላመለጠችም።

የኦቶ የመጀመሪያ ሞተር ካንዴላ አልነበረውም፤ የሚለኮሰው በትንሽ ነበልባል ነበር። (ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ሞተሪኖም "ትንሿ ሞተር"። ጋራዦቻችን የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።) በኋላ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1910 ካዲላክ ላይ ያዋለው በባትሪ የሚሠራ ማቀጣጠያ ተስፋፋ። ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ነው፤ እሱም ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር አንዴ ይዞራል። መካኒኩ ጭስ በሚወጣበት ጫፍ ላይ ከተከለው፣ ብልጭታው በየጊዜው አንድ ሙሉ የክራንክ ዙር ይስታል።

ታዲያ ደጋግሞ ማስነሳት ጉዳት አለው። ባትሪው ይደክማል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ አዲሶቹ የፒስተን ቀለበቶች በደረቁ ይፋተጋሉ። ከአፍንጮ በር ቁልቁል ገፍቶ ማስነሳትም አያዋጣም፤ ብልጭታው ያው በተሳሳተ ሰዓት ነው የሚመጣው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቁልፉ ይጠፋል፤ የመጀመሪያው ሲሊንደር ካንዴላ ይፈታል፤ ቀዳዳው በጣት ይደፈናል፤ ረዳቱ ክራንኩን በእጅ ቀስ አድርጎ ያዞራል። አየሩ ጣቱን ሲገፋው ማመቂያው ምት መጣ ማለት ነው። ምልክቱ እስኪገጥም ማዞር፣ ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍቶ ሮተሩ ወዴት እንደሚያይ መመልከት። ከአንደኛው ገመድ ተቃራኒ ካየ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ተነቅሎ ግማሽ ዙር ዞሮ ይተከላል። እንደዚያም ሆኖ ካስነጠሰ፣ ገመዶቹን መቁጠር ነው፤ የላዳ ተራ 1-3-4-2 ነው።